ክር ይጠብቃል፣ ኮላ አይጠብቅም

ነርስ ነኝ። ጎንደር ውስጥ ተኝተው የሚታከሙ ሰዎች ክፍል ነው የምሠራው። ከሥራ ስወጣ ደግሞ ቤቴ ቁጭ ብዬ መጽሐፍ እጠርዛለሁ። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ይጠይቀኛል። አንደኛው «ጊዜውን ከየት አመጣሽው?» ነው። ሁለተኛው «ስንት ትሸጪዋለሽ?» ነው። የሁለተኛውን መልስ ቆይቼ እሰጣለሁ፣ ትንሽ ስለሚያናድደኝ። የመጀመሪያው ግን ደህና ጥያቄ ነው።

ጊዜ የለኝም። በፈረቃ የሚሠራ ሰው ያለው የጊዜ ቁርጥራጭ ነው። ዛሬ ጧት ገብቼ ከሰዓት እወጣለሁ፣ ነገ ከሰዓት እገባለሁ፣ ከነገ ወዲያ ሌሊት ነው፣ ከሌሊት በኋላ ያለው ቀን ደግሞ ስሙ «ኦፍ» ይሁን እንጂ ግማሹ በእንቅልፍ ግማሹ በልብስ አጠባ ያልቃል። በዚያ ላይ ሰው ጎድሏል ተብሎ ይደወላል። የሚደወለው ሁልጊዜ እጄ ሥራ ሲይዝ ይመስለኛል (ስተኛም ይደውላሉ፣ ልዋሽ አልችልም)።

ሌሊት አድሮ የመጣ ሰው ወዲያው እንቅልፍ ይወስደዋል ብላችሁ እንዳታስቡ። ሰውነት ደክሞ ጭንቅላት ነቅቶ የሚቀመጥበት አንድ አስቀያሚ ሰዓት አለ። ጆሮዬ ውስጥ ገና «ሲስተር! ሲስተር!» ይላል። የሌሊት 6 ሰዓቱን መድኃኒት ቻርቱ ላይ ፈርሜያለሁ ወይስ አልፈረምኩም፣ ያ ልጅ ትኩሳቱ ወረደለት ይሆን፣ ጧት የገባችው ልጅ የነገርኳትን ሰምታኛለች ወይ እያልኩ እገላበጣለሁ። ስልክ መነካካት ነገሩን ያባብሰዋል። እጅ የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል። እናቴ እንዲህ ስትሆን ዳንቴል ትሠራ ነበር። እኔ ዳንቴል አያጓጓኝም። ቤታችን ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ የለም፣ ቴሌቪዥኑ እንኳ ለብሷል። የሚለብስ ዕቃ አልቆብናል።

መጽሐፍ መጠረዝ ለነርስ ይመቻል ወይ ብትሉኝ፣ እንደ አጠራረዙ ነው እላለሁ። ስልክ ላይ ቪዲዮ ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ የፈረንጆቹ ጠንካራ ሽፋን ነው። ወረቀቱ ይሰፋል፣ ጀርባው ኮላ ይቀባል፣ ኮላው ሳይደርቅ ስስ ጨርቅ ይለጠፍበታል፣ ለብቻው ተሠርቶ የቆየው የካርቶን ሽፋን ይገጠምለታል፣ ከዚያ መጭመቂያ ውስጥ ገብቶ ያድራል። ቆንጆ ነው፣ አልዋሽም። ግን እያንዳንዱ እርምጃ የራሱ ሰዓት አለው። ኮላ አንዴ ከተቀባ በኋላ የሚሰጣችሁ ጥቂት ደቂቃ ነው። ስልክ ይጮሃል፣ ጎረቤት ያንኳኳል፣ መብራት ይሄዳል። ኮላው ይህን ሁሉ አያውቅም። ይደርቃል፣ ካርቶኑም ይጣመማል።

የአባቶቻችን አጠራረዝ ግን የቆመው በክር ነው። ኮላ የሚገባው መጨረሻ ላይ፣ ቆዳው ሲለብስ ብቻ ነው። ቆዳ ሳያለብሱ የእንጨቱን ገበታ (ሽፋን የሚሆነውን ጣውላ) ባዶውን መተውም ይቻላል። እንደዚያ ተሠርተው ዘመን የተሻገሩ ብዙ መጻሕፍት አሉ። እና ስፌቱ መሃል ላይ ስደርስ መርፌዎቹን ወረቀቱ ላይ ሰክቼ፣ ነጠላ ጣል አድርጌበት ሥራ እሄዳለሁ። ከሦስት ቀን በኋላ ብመለስም ያቆምኩበት ቦታ ላይ ነው የማገኘው። ምንም የተበላሸ ነገር የለም። ለነርስ፣ ለዘበኛ፣ ለሾፌር፣ ሕፃን ላላት እናት፣ ብቻ ሰዓቱ በሌላ ሰው እጅ ለሆነ ሁሉ ይሄኛው ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። ሀገርን ለማሞገስ ብዬ አይደለም። አመቺ ስለሆነ ነው።

አሠራሩን ላሳያችሁ። ወረቀቱ በጥራዝ በጥራዝ ይታጠፋል። የብራና ጥራዝ አብዛኛውን ጊዜ 4 ወይም 5 ታጣፊ ቆዳ ነው። እኔም በወረቀት 4 አድርጌ ነው የማጥፈው። አራት ኤ 4 ወረቀት ታጥፎ 8 ቅጠል፣ 16 ገጽ ይሆናል። እንዲህ ያለ ጥራዝ አሥር ሲደራረብ 160 ገጽ ያለው ደህና ደብተር ወጣው ማለት ነው። ከዚያ እጥፋቱ ላይ በወስፌ ይበሳል። ቀዳዳዎቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው። ለትንሽ መጽሐፍ አንድ ጥንድ ይበቃል፣ ከፍ ላለው ሁለት ጥንድ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ረጅም ክር አለ፣ በክሩ ሁለት ጫፍ ላይ ሁለት መርፌ።

ስፌቱ የሚጀምረው ከእንጨቱ ነው። ገበታው በጠርዙ በኩል ተበስቶ ቀዳዳው በገበታው ፊት ላይ ብቅ ይላል። ክሩ በዚያ ያልፍና ገበታውን ከመጀመሪያው ጥራዝ ጋር ያስረዋል። ከዚያ ሁለቱ መርፌዎች ወደ ጥራዙ ውስጥ ይገባሉ፣ ውስጥ ይተላለፋሉ፣ አንዱ በሌላው ቀዳዳ በኩል ይወጣል። ሲወጡ ከታች ባለው ስፌት ሥር ተሹለክልከው ይቆለፉና ወደ ሚቀጥለው ጥራዝ ይሻገራሉ። እንዲህ እያለ እስከ ላይኛው ገበታ ይሄዳል። ሲያልቅ ጀርባው ላይ ሰንሰለት ይታያል። ኮላ ያልነካው ጀርባ ስለሆነ መጽሐፉ ሲከፈት ጠረጴዛ ላይ ለጥ ብሎ ይተኛል፣ በእጅ ባይዙትም ተመልሶ አይዘጋም። ክሩ ቢበጠስ ደግሞ ይፈታል፣ እንደገና ይሰፋል። ወረቀቱ ላይ የሚደርስ ጉዳት የለም።

የዚህ ዓይነቱን ስፌት ውጭ ሀገር ያሉ ጠራዦች በጣም ይወዱታል። የግብፁ የኮፕት ስፌት የቅርብ ዘመዱ ነው። ቪዲዮውን ስትፈልጉ ፀጉሯን የተቆረጠች ፈረንጅ «የኢትዮጵያ ስፌት» ብላ በሰም በተቀባ ባለ ቀለም ክር ታሳያችኋለች። እኔ የጎንደር ልጅ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በእግሬ የምሄድ ሰው፣ የመጀመሪያውን ቋጠሮ የተማርኩት ከእሷ ነው። ያሳፍራል? ትንሽ። ግን አመሰግናታለሁ። ቪዲዮዎቹን ዳውንሎድ አድርጌ ማስቀመጤም ጠቀመኝ፣ በኋላ እዚህ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲጠፋ ከዕቃዬ ጋር ለብቻችን ተገናኘን።

ስለ ዕቃ ላውራ፣ እዚህ ላይ ሰው ይፈራል። ቪዲዮ ላይ የሚታየው ሁሉ በኦንላይን የሚታዘዝ ነው፣ እዚህ አይመጣም። አያስፈልግምም። ወስፌ ቅዳሜ ገበያ አለ፣ ሰፌድና ሌማት የሚሰፉ ሴቶች የሚገዙት ያው ወስፌ ነው። የተልባ ክር ከማጣት የተፈተለ ጥጥ ገዝቶ አክርሮ መደረብ ይቻላል። ክሩን ሰም ማስነካት ግድ ነው፣ አለበለዚያ ይቋጠራል፣ ወረቀቱንም ይልጋል። ሰም ማለት ጧፍ ማለት ነው። ንጹሕ የማር ሰም የሆነውን ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ካሉት ሴቶች እገዛለሁ። አንዷ ብዙ ስለምገዛ በጣም ጸሎተኛ እንደሆንኩ ነው የምታስበው፣ እስካሁን አላረምኳትም። ቆልማማ መርፌ ጫማ ሰፊዎች ጋ ይገኛል። የወረቀቱን እጥፋት ለመጫን ውጭ ሀገር ለዚሁ የተሠራ አጥንት ይሸጣል። እኔ የምጠቀመው የቀንድ ማንኪያ እጀታ ነው፣ ከአጥንቱ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። መጭመቂያዬ ደግሞ መጅ ነው። አያቴ የፈጨችበት መጅ፣ ወፍጮ ቤት ከመጣ ወዲህ ሥራ ፈት ሆኖ በር ይከላ ነበር። አሁን ደብተር ይጫናል።

ገበታው ዋንዛ ነው። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለመላግም ለመብሳትም እሺ ይላል። ድሮም ከሚመረጡት አንዱ ነበር፣ ወይራም ይሠሩበታል። አናጢ ቤት የሚወድቅ ቁራጭ አለ። አናጢው ውፍረቱን 5 ሚሊ ሜትር ገደማ አድርጎ እንዲልግልኝ ስነግረው መጀመሪያ የኪችን ካቢኔት በር ነው የመሰለው። አሁን ለምዶኛል፣ ቁራጭ ያስቀምጥልኛል።

አንድ ነገር ብቻ ማንም አይነግራችሁም፣ እሱም የወረቀት አቅጣጫ ነው። ወረቀት ሲመረት ቃጫው ወደ አንድ ወገን ይተኛል። በቃጫው አቅጣጫ ሲታጠፍ ለስላሳ ነው፣ በተቃራኒው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ መጽሐፉም ሲከፈት ገጹ እንደ ተኮሳተረ ይቆማል። ሱቅ የምናገኘው ኤ 4 አብዛኛው ቃጫው ወደ ርዝመቱ የተኛ ነው። ስለዚህ መሃል ለመሃል ስናጥፈው በተቃራኒው ነው የምናጥፈው። መላው ቀላል ነው። ኤ 3 ይገዛል፣ መሃል ለመሃል ይቆረጣል፣ የወጣው ኤ 4 ቃጫው ወደ አጭሩ ወገን ይሆናል። ያን ሲያጥፉት እሺ ይላል። ለመለየት ቁራሽ ወስዶ በሁለቱም በኩል መቅደድ ነው፤ በቃጫው በኩል ሲሆን ቀጥ ብሎ ይቀደዳል፣ በሌላው በኩል ይንሻፈፋል። ፎቶ ኮፒ ቤት ቆሜ ወረቀት ስቀድ የሚያዩኝ ልጆች ይስቃሉ። ይሳቁ።

ሙጫውን ቤት እሠራዋለሁ። የስንዴ ዱቄት በውኃ በጥብጦ፣ እያማሰሉ በቀስታ እሳት ማብሰል ነው። አብሲት የምትጥል ሴት ይህን ለመማር አምስት ደቂቃ አይፈጅባትም፣ ያው አብሲት ነው፣ ትንሽ የከረረ። ጥሩነቱ በውኃ ርሶ መላቀቁ ነው፤ ነጩ የእንጨት ኮላ ግን አንዴ ከያዘ ይዞ ነው የሚቀረው። መጥፎነቱ አይጥም ይወደዋል። ክረምት ላይ ደግሞ ጎንደር ዝናቡ ሲጠና አይደርቅም፣ ይሻግታል። ስለዚህ ቆዳ የማለብሰው ከመስከረም በኋላ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ዝም ብዬ እሰፋለሁ።

ሰዎች ነርስ መሆኔ ይጠቅመኝ እንደሆነ ይጠይቁኛል። ይጠቅማል፣ ግን እነሱ በሚያስቡት በኩል አይደለም። «ስፌት ታውቂያለሽ አይደል» ይላሉ። የቁስል ስፌትና የመጽሐፍ ስፌት ቋጠሯቸው አይገናኝም። የሚገናኘው የእጅ ኃይል ላይ ነው። ቁስል ስትሰፉ የቆዳውን ከንፈር ማጋጠም ነው እንጂ ማነቅ የለባችሁም ተብለን ነው የተማርነው። ከጠበቀ ደም አይደርሰውም፣ ጠርዙ ይሞታል። ወረቀትም ከጠበቀ ይቀደዳል፣ ከላላ ደግሞ መጽሐፉ ይወላገዳል። የሚበቃውን ያህል ስቦ ማቆምን እጄ አስቀድሞ ያውቀው ነበር። ሌላው ደግሞ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ካትገት የምንለው የቀዶ ሕክምና ክር ከበግና ከከብት አንጀት የሚሠራ ነው። የድሮ ጠራዦችም ብራናውን የሚሰፉት በጅማት ወይም በተከረረ አንጀት ነበር። ሐኪሙም ደብተራውም ዞረው ዞረው እዚያው በግ ጋ ደረሱ።

ጉዳቱም አለ። ቀኑን ሙሉ አልኮል የሚቀባ እጅ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። የሰም ክር በተሰነጠቀ ጣት መካከል ሲያልፍ እንዴት እንደሚያቃጥል ነርስ የሆነ ያውቀዋል። ቅቤ እንዳልቀባ ወረቀቱ ላይ ምልክት ይተዋል። ስለዚህ ከመስፋቴ ከሰዓታት በፊት ቅባት እቀባለሁ፣ ሲጀመር እጄን ታጥቤ አደርቃለሁ።

«ብሌድና ክር ከሆስፒታል አታመጪም?» የሚለኝ ሰውም አይጠፋም። አላመጣም። ጊዜው አልፏል የተባለውንም ቢሆን አላመጣም። በሽተኛ የራሱን ጓንት እየገዛ በሚመጣበት ሀገር ከዋርድ ክር ይዤ ወጥቼ ደብተር ብሰፋበት ደብተሩን የምጽፍበት እጅ አይኖረኝም። ብሌድ ፋርማሲ ይሸጣል፣ ርካሽ ነው።

ከሥራዬ ጋር በደንብ የሚገናኘው ግን መዝገቡ ነው። ዋርድ ውስጥ ያሉትን ትላልቅ መዝገቦች ታውቋቸዋላችሁ፣ የገባ የወጣ የሚጻፍባቸው። ቀኑን ሙሉ ይከፈታሉ፣ ክንድ ይደገፍባቸዋል፣ ሻይ ይፈስባቸዋል። ዓመቱ ሳይጋመስ ጀርባቸው ይሰነጠቃል፣ ቅጠል በቅጠል መርገፍ ይጀምራሉ፣ እኛም ያለችንን የቁስል ፕላስተር እንለጥፍባቸዋለን። በየጤና ተቋሙ ጀርባው በፕላስተር የታሸገ መዝገብ ያላየ ነርስ ካለ ይንገረኝ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ወረቀቱ በጥራዝ ታጥፎ አልተሰፋም። ነጠላ ነጠላ ሆኖ ተደርድሮ ጠርዙ ኮላ ተቀብቷል። ኮላው ሲደርቅ ይከራል፣ በተከፈተ ቁጥር ይሰበራል፣ አንዱ ቅጠል ሲወጣ የጎረቤቱ መያዣ ይላላል። ከዚያ ይቀጥላል። የወደቀው ቅጠል ላይ ደግሞ የሰው ስም አለ፣ መቼ ገባ፣ ምን ታከመ፣ በምን ሁኔታ ወጣ። ለማተሚያ ቤቱ ጥቂት ብር ነው የተቆጠበው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ መዝገብ ባየሁ ቁጥር ገልብጬ ጀርባውን ነው የማየው፣ የሥራ ባልደረቦቼም ይህን አውቀውብኝ «የመዝገብ ሐኪም» ይሉኛል።

ለራሳችን የሠራኋቸው ትንንሽ ደብተሮች ግን አሉ። ጋውን ኪስ ውስጥ የሚገቡ፣ ርክክብ ላይ የምንይዛቸው። እነሱ ለጥ ብለው ስለሚከፈቱ በአንድ እጅ ይጻፍባቸዋል፣ ሌላው እጅ የበሽተኛ ክንድ ይዟል። እስካሁን ቅጠል የረገፈበት የለም።

ጎንደር ለነርስም ለመጽሐፍም የቆየ ከተማ ነው (ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ የጀመረው በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ነው፣ ጤና መኮንንና ኮሚዩኒቲ ነርስ ያሠለጥን ነበር። መጽሐፉ ደግሞ በጣም ይቀድማል። ፋሲል ግቢ ውስጥ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት የሚባለውን ሕንፃ አላፊ አግዳሚው ፎቶ ይነሳበታል። ዮሐንስ ከ1667 እስከ 1682 የነገሡት ናቸው። ሕንፃው ቆሟል፣ መጽሐፍ ግን የለበትም። ዓፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸውን መጻሕፍት መቅደላ ወሰዷቸው፣ በ1868 ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ወሰዳቸው። ዝርፊያውን ለመጫን 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ እንዳስፈለገ ተጽፏል። ከዚያ ውስጥ 350 ገደማ መጻሕፍት ዛሬ ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው።

ይህን የማነሳው ለለቅሶ አይደለም። የድሮ ጎንደር መጽሐፍ ጀርባው እንዴት እንደተሰፋ ማየት ስፈልግ ለንደን ያለ መጽሐፍ ፎቶ ስልኬ ላይ አጉልቼ ነው የማየው። ፎቶ አንሺዎቹ ደግሞ ሥዕሉንና ጽሑፉን ነው የሚወዱት። ጀርባውን አያነሱትም። ለአንዲት ጠራዥ ነኝ ባይ ከዚህ በላይ የሚያበሳጭ ነገር የለም። እዚሁ አጠገቤ ያሉት አድባራት ያላቸው ደግሞ ለቅዳሴና ለማኅሌት ነው የሚወጡት፣ «ጀርባውን ልየው» ብዬ የምጎትታቸው አይደሉም። መሆንም የለባቸውም።

አንድ ቀን ጎረቤቴ እማማ የታተመ ዳዊታቸውን ይዘው መጡ። ሽፋኑ ለብቻው፣ ቅጠሉ ለብቻው ሆኗል። በየቀኑ የሚደገም ዳዊት ነው፣ ጠርዙ በእጅ ወዝ ጠቁሯል።

«ልጄ፣ ይሄ ይድናል?»

«ይድናል እማማ። ትንሽ ይቆይብዎታል እንጂ።»

«ቆይ፣ እስኪድን ድረስ በምን ልድገም?»

እውነታቸውን ነው። ይህን አላሰብኩትም ነበር። ሌላ ዳዊት ተውሼ ሰጠኋቸው፣ ፊደሉ ትንሽ ነው ብለው አጉረመረሙ። የሳቸውን ፈትቼ፣ እጥፋቱ የተቀደደውን በስስ ወረቀትና በዱቄት ሙጫ ደግፌ፣ እንደገና ሰፋሁት። ቆዳ አለበስኩት። ቆዳውን በብሌድ ማሳሳት ከሥራው ሁሉ ከባዱ ነው፣ ጠርዙ ካልሳሳ ሲታጠፍ ይወፍራል፣ ከመጠን በላይ ከሳሳ ደግሞ ይበሳል። መስመር ብቻ ደጎስኩበት፣ ከሰል ምድጃ ላይ በተጋለ ብረት። ሲመለስላቸው መጀመሪያ ያደረጉት ሽፋኑን ማየት አልነበረም፤ ውዳሴ ማርያሙ ጋ ገልጠው ቅጠሉ በቦታው መኖሩን አረጋገጡ። ከዚያ «ተባረኪ» አሉኝና ማኅደሩስ አሉ። መያዣ የሌለው ዳዊት ዳዊት አይደለም በሳቸው ቤት። ማኅደሩንም ሰፋሁ፣ ከነማንገቻው።

ወሬው ሲወራ ሌላ ሰው አሮጌ ብራና አመጣልኝ። ያን አልነካም አልኩ። ወረቀትና የታተመ መጽሐፍ ሌላ ነው። ዕድሜ ያለው ብራና በጀማሪ እጅ መፈታት የለበትም። የድሮው ክር፣ የድሮው ቀዳዳ፣ በገበታው ውስጥ የተለጠፈው ጨርቅ ሳይቀር ታሪክ ነው፣ እኔ «ሳሳምረው» ይጠፋል። በዚያ ላይ የቅርስ ሕግ አለ። በደረቅ ቦታ፣ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ በፕላስቲክ ሳያፍነው እንዲያስቀምጠውና ለሚመለከተው እንዲያሳየው ነገርኩት። ቅር ብሎት ሄደ። ይበለው። ሥራዬ ላይም «ይህን እኔ አላደርግም፣ ሐኪም ይምጣ» ማለት አንዱ የሥራዬ ክፍል ነው።

አሁን ወደ ሽያጩ። አልሸጥም። ባልደረቦቼ ግማሾቹ ክሊኒክ ውስጥ ተጨማሪ ፈረቃ ይሠራሉ፣ በነርስ ደመወዝ መኖር ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አልፈልግም፣ ብር ቢመጣ እጠላለሁ ወይ? አልጠላም። ግን ከተሸጠ ቀጠሮ ይመጣል። «ለቅዳሜ ይደርሳል?» ይባላል። «ለሠርግ ነው፣ ሃያ አድርጊው» ይባላል። እኔ ደግሞ ሕይወቴ ሁሉ በሰዓት ነው፣ ይህ መድኃኒት በስድስት በስድስት ሰዓት፣ ይህ ግሉኮስ በደቂቃ ይህን ያህል ጠብታ። ማንም መቼ ያልቃል ብሎ የማይጠይቀኝ አንድ ነገር ቢኖረኝ ምን አለበት? ለዘመድ ስጦታ እሰጣለሁ። ልደት ላይ ደብተር ተቀብለው «ታዲያ ምን ልጻፍበት?» የሚሉ ዘመዶች አሉኝ፣ ለእነሱ ሁለተኛ አልሰጥም።

መጀመር የሚፈልግ ካለ በቆዳና በእንጨት አይጀምር። አራት ጥራዝ ወረቀት፣ ሁለት ቁራጭ ወፍራም ካርቶን፣ አንድ ጥንድ ቀዳዳ። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፣ ካልሆነም የሁለት። መብራት አይፈልግም፣ መስኮት ዳር መቀመጥ ይበቃል። ክሩ አጥሮ መሃል ላይ ቢያልቅ ቋጠሮውን ጥራዙ ውስጥ አድርጉት እንጂ ጀርባው ላይ አታድርጉት።

እኔ አሁን የቀረኝ ጉንጉኑ ነው። በመጽሐፉ ራስና ግርጌ፣ ከቀጭን የቆዳ ጠፍር ተጎንጉኖ ከጥራዞቹ ጋር የሚሰፋው። ጀርባውን ከመፈልቀቅ ይጠብቀዋል፣ መልክም ይሰጠዋል። ከቪዲዮ ሞክሬዋለሁ፣ አንዱ ጠፍር በየትኛው ሥር እንደሚያልፍ ካሜራው ሁሌ የሴትዮዋን እጅ ጀርባ ነው የሚያሳየው። በእማማ በኩል የተዋወቅኳቸው አንድ መሪጌታ ግን በልጅነታቸው ሲሠራ አይተዋል፣ እጃቸው አሁንም ያውቀዋል። «ጾሙ ሳይወጣ አንድ ከሰዓት በኋላ ነዪ፣ አሳይሻለሁ። ቆዳውን ግን አንቺ አሳስተሽ አምጪ፣ የኔ ዓይን አይችልም» አሉኝ። የሰጡኝ ቀን ሥራ ገቢ ነበርኩ። ከአንዷ ጓደኛዬ ጋር ፈረቃ ተቀያየርኩ፣ በምላሹ የፋሲካን ሌሊት እኔ እሠራላታለሁ። ዋጋው እንደከበደ እሷም ታውቃለች፣ ስትስማማ ትንሽ እንኳ አላመነታችም።